የሴሚኖል አሻንጉሊቶች የልብስ ታሪክ ምስክሮች ናቸው፦ «ለጎብኚ ሽያጭ የተሠራ» ከሚለው መግለጫ ባሻገር

ከፍሎሪዳ ሴሚኖሎች የተገኙ አሻንጉሊቶች በልዩ ልዩ ቤተ መዘክሮች ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉ። አብዛኞቹ በመዝገብ ላይ የሰፈሩት በአንድ አጭር መስመር ነው፤ የሕዝቡ ስም፣ የዕቃው ቁመት፣ ያበረከተው ሰው ማንነትና «ለጎብኚ ሽያጭ የተሠራ» የሚል መግለጫ። አሻንጉሊቷን የሠራችው ሴት ስም ብዙውን ጊዜ የለም። የአሻንጉሊቷ ቀሚስ በስንት ጥለት እንደ ተሰፋ፣ ካባዋ እስከ የት እንደሚወርድ፣ ጸጉሯ በምን ዓይነት እንደ ተበጀ የሚነግር ቃልም እምብዛም አይገኝም። «ለጎብኚ ሽያጭ የተሠራ» የሚለው መግለጫ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ጥያቄ እንዳይነሣ በር የሚዘጋ ስያሜ ሆኗል። በዚህ ጸሐፊ እምነት እነዚህ አሻንጉሊቶች በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለነበረው የሴሚኖል አለባበስ ቀዳሚ ማስረጃዎች ናቸው። ስለዚህም እንደ ማንኛውም ማስረጃ በጥንቃቄ ሊመዘገቡ፣ በጥንቃቄም ሊመረመሩ ይገባል።

ሕዝቡና ገበያው

ሴሚኖሎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከዛሬዎቹ ጆርጂያና አላባማ ወደ ፍሎሪዳ ከወረዱ የክሪክና ሌሎች ነባር ሕዝቦች የተገኙ ናቸው። ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮችም በአጠገባቸው ሰፍረው ኖረዋል፤ በጦርነትም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1830 ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ምዕራብ የሚያሻግር ሕግ ካወጣ በኋላ፣ ከ1835 እስከ 1842 በተካሄደው ሁለተኛው የሴሚኖል ጦርነት አብዛኛው ሕዝብ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር ተወሰደ። ሦስተኛው ጦርነት በ1858 ሲያበቃ በደቡብ ፍሎሪዳ ረግረግ፣ በኤቨርግሌድስና በአካባቢው፣ የቀሩት ጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ክሌይ ማኮሊ በ1880ና በ1881 መካከል አካባቢውን ዞሮ ሲቆጥር ያገኘው 208 ሰው ነው። ዛሬ በቤተ መዘክር የምናያቸው አሻንጉሊቶች የእነዚህ ሳይማረኩ የቀሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ሥራ ናቸው።

የቀሩት ሴሚኖሎች ከገበያ ተለይተው የኖሩ አልነበሩም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአሊጌተርና የኦተር ቆዳ እንዲሁም ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ የሚፈለግ የወፍ ላባ በታንኳ እያመጡ በነጋዴዎች መደብር ይሸጡ ነበር። ፍራንክ ስትራናሃን ከ1893 ጀምሮ በፎርት ላውደርዴል፣ ቴድ ስሞልዉድ ደግሞ ከ1906 ጀምሮ በቾኮሎስኪ ደሴት ከእነርሱ ጋር የነገዱ የታወቁ ባለ መደብሮች ናቸው። ሴሚኖሎቹ በምላሹ ጣቃ ጨርቅ፣ ክር፣ የመስታወት ጨሌ፣ ጠመንጃና በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ይወስዱ ነበር። ይህ ንግድ ግን ብዙም አልዘለቀም። የላባውን ንግድ ሕግ ከለከለው፤ ከ1905 እስከ 1909 የፍሎሪዳ ገዥ የነበረው ናፖሊዮን ቦናፓርት ብራዋርድ በከፍተኛ ኀይል የገፋበት ረግረጉን የማድረቅ ሥራም የአደኑን መሬትና የታንኳውን መንገድ አጠፋ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ገቢ ጎብኚ ነው። በማያሚ ከተማ ሙሳ አይል እና ኮፒንገርስ በሚባሉት የመናፈሻ ስፍራዎች የሴሚኖል ቤተሰቦች በባለ ሀብቶች ግቢ ውስጥ እንደ መንደር ሰፍረው ለተመልካች ይታዩ ጀመር። ታምፓንና ማያሚን በኤቨርግሌድስ በኩል የሚያገናኘው የታሚያሚ አውራ ጎዳና በ1928 ሲከፈት ደግሞ ብዙ ቤተሰቦች በመንገዱ ዳር ሰፍረው የእጅ ሥራቸውን በራሳቸው መሸጥ ቻሉ። ዲያቆናዊት ሃሪየት ቤዴል የተባለችው የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከ1933 በኋላ በአካባቢው ስትሠራ ካበረታታቻቸው ተግባራት አንዱ ይኸው የእጅ ሥራ ሽያጭ ነበር። አሻንጉሊቷ በዚህ ገበያ ውስጥ አደገች።

አሠራሯ

አሻንጉሊቷ የምትሠራው ፓልሜቶ ከተባለው አጭር የዘንባባ ዝርያ ነው። ከተክሉ ቅጠል ግርጌ ላይ እንደ ሻካራ ጨርቅ ሆኖ የተጠላለፈ ቡናማ ቃጫ ይገኛል። ሠሪዋ ይህን ቃጫ ገፍፋ ታጸዳለች፤ በልክ ቆርጣ ትሰፋዋለች፤ ውስጡን በጥጥ ወይም በራሱ በቃጫው ትሞላለች። የሴት አሻንጉሊት አካል ቀጥ ያለ ዓምድ መሳይ ነው፤ ታችኛው ጫፍ እንዲቆም ክብ ካርቶን ይደረግለታል። እጅና እግር ብዙውን ጊዜ የላትም፤ ሰፊው ካባና እስከ መሬት የሚደርሰው ቀሚስ ይሸፍኑታልና። ዐይኗና አፏ በክር ይጠለፋሉ። አንገቷ በተደራረበ ጨሌ ይከበባል። የወንድ አሻንጉሊት ግን እግር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሥራው ይከብዳል፤ ቍጥሩም ከሴቷ በጣም ያነሰ ነው።

ከዚህ አጭር ገለጻ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አካሉ እጅግ ቀላል ነው፤ ሠሪዋ ጊዜዋንና ጥበቧን ያዋለችው በልብሱ ላይ ነው። ስለዚህ አሻንጉሊቷን በቁመቷና በቃጫዋ ብቻ የሚገልጽ መዝገብ የዕቃውን ዋና ነገር ሳይነካ አልፏል ማለት ይቻላል።

ልብሱ የሚናገረው

የሴሚኖል ልብስ በቅጥልጥል ስፌቱ፣ ማለትም በተለምዶ ፓችዎርክ በሚባለው ሥራ፣ የታወቀ ነው። የእኛ አገር ሸማኔ ጥለቱን ከድርና ከማጉ ጋር በአንድነት ይሸምነዋል። የሴሚኖል ሰፊ ግን ጥለቷን የምታገኘው የተሸመነውን አፍርሳ ነው። ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን ጨርቆች እንደ ጥብጣብ ቀጥ አድርጋ ትቀድዳለች ወይም ትቆርጣለች፤ ጎን ለጎን በመኪና ትሰፋቸዋለች፤ የተሰፋውን መልሳ በአግድም ወይም በሰያፍ ትቆራርጣለች፤ ቁርጥራጮቹን እያዛነፈች እንደገና ትገጥማለች። በዚህ መንገድ የተገኘው ረጅም ጥለት በወጥ ጨርቆች መካከል ገብቶ የቀሚሱ ወይም የሸሚዙ አካል ይሆናል። ጥለቶቹ እንደ እሳት፣ ዝናብና መብረቅ ያሉ ስሞች አሏቸው።

ይህ አሠራር ጥንታዊ አይደለም። የስፌት መኪና ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በሴሚኖል ሰፈሮች ከተለመደ በኋላ፣ በ1910ዎቹ ብቅ ብሎ በ1920ዎቹ የተስፋፋ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ልብስ በወጥ ጨርቅ ላይ በሚሰፉ ባለ ቀለም ጥብጣቦች ያጌጠ ነበር። መጀመሪያ ላይ ቅጥልጥሉ ተፈራራቂ አራት ማዕዘኖችና ሰረዞች ብቻ ነበሩት፤ እያደር ግን ውስብስብ ሆነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ደግሞ ከፋብሪካ የሚገዛው የሞገድ ቅርጽ ያለው ጥብጣብ በብዛት ይገባ ጀመር። የሴቶች ካባም ተለውጧል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደረትን ብቻ የሚሸፍን የነበረው እየረዘመ እስከ ክንድ ወርዷል። ጸጉር በፊት ተጠቅልሎ ይታሰር ነበር፤ ቆይቶ በካርቶን ቅርጽ ላይ ተዘርግቶ እንደ ባርኔጣ ክፈፍ ፊትን የሚያጠላ ሆነ። በበርካታ አሻንጉሊቶች ራስ ላይ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ የምናየው ካርቶን ይህንኑ የጸጉር አሠራር ያሳያል።

እነዚህ ለውጦች ከፎቶግራፎችም ይታወቃሉ። ታዲያ አሻንጉሊቷ ምን ትጨምራለች? ቢያንስ ሁለት ነገር። በመጀመሪያ፣ የዚያ ዘመን ፎቶግራፎች በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ቀለሙ ራሱ ጥበብ ለሆነ ልብስ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። አሻንጉሊቷ ቀለሙ ቢደበዝዝም እንኳ ጨርቁን ራሱን ይዛለች። ሁለተኛ፣ ፎቶግራፍ የሚያሳየው የልብሱን ፊት ብቻ ነው። የአሻንጉሊቷን ቀሚስ ግን ጥበቃ ባለሙያው ጠርዙን ገለጥ አድርጎ ጀርባውን ማየት ይችላል፤ ስፌቱ የእጅ ይሁን የመኪና፣ የትኛው ጨርቅ ቀድሞ እንደ ተሰፋ፣ ጥለቱ የተገጣጠመ ይሁን በላዩ የተለጠፈ በዐይን ይለያል። ሰው የሚለብሰው ልብስ ይታጠባል፣ ያልቃል፣ ይጣላል። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠች አሻንጉሊት ግን በአንድ ዓመት መደብር ውስጥ የነበረውን ጨርቅና የአንዲትን ሴት እጅ ይዛ ትቆያለች።

«ለገበያ ስለ ተሠራ»

የመጀመሪያው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ለጎብኚ የተሠራ ዕቃ የገዢውን ፍላጎት እንጂ የሠሪውን ባህል አያሳይም ይባላል። ይህ ሐሳብ ከገበያ በፊት የነበረ ንጹሕ ባህል አለ ብሎ ይነሣል። የሴሚኖል ልብስ ታሪክ ግን ይህን መነሻ አይቀበልም። ጣቃው ከፋብሪካ፣ ጨሌው ከባሕር ማዶ፣ ክሩና መኪናው ከነጋዴ የተገኙ ናቸው። ዛሬ የሴሚኖልነት ምልክት የሆነው ቅጥልጥል ስፌት ራሱ ያለ ስፌት መኪና ባልተወለደ ነበር። ገበያ የነካውን ሁሉ እናስወግድ ካልን ከአሻንጉሊቷ በፊት የምንጥለው እናቶችና ልጆች በየቀኑ የለበሱትን ቀሚስ ይሆናል።

ደግሞም ገዢው የፈለገው ስለ ታወቀ ሠሪዋ ያደረገችው ሁሉ ታወቀ ማለት አይደለም። ገዢው ትንሽ፣ ርካሽና ባለ ቀለም ዕቃ ሊፈልግ ይችላል። የትኛው ቀለም ከየትኛው አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ካባው በቀሚሱ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ጨሌው ስንት ዙር እንደሚሆን የወሰነችው ግን ሠሪዋ ናት። ይህን የወሰነችውም ለራሷና ለልጆቿ ልብስ ስትሰፋ ባካበተችው ልማድ ነው። እነዚህ አሻንጉሊቶች የተሸጡት መሬቱ በተቆረሰበትና አደኑ በጠፋበት ዘመን ቤተሰብን ለማኖር ነው፤ ይህ ደግሞ ከታሪኩ የሚቀንስ ሳይሆን በታሪኩ ላይ የሚጨምር ነው።

ምስክሯም ትመርመር

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይልቅ የጠነከረ ስለሆነ ተገቢ መልስ ያስፈልገዋል። አሻንጉሊት የልብሱ ትንሽ ቅጂ አይደለችም፤ ታሳጥራለች፣ ትመርጣለች፣ አንዳንዴም ትዘገያለች። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ከእርሷ በቀጥታ የሚደመደም ነገር አደጋ አለበት። ሦስት ምሳሌዎችን እናንሣ።

አንደኛ፣ በጣት ልክ በሆነ ቀሚስ ላይ እውነተኛ ቅጥልጥል መሥራት እጅግ ያደክማል፤ ዋጋውም አይመልሰውም። ስለዚህ በብዙ ትንንሽ አሻንጉሊቶች ላይ ቅጥልጥሉን የሚተካው ወጥ ጥብጣብ ወይም የሞገድ ጥብጣብ ነው። ይህን ያላስተዋለ ተመራማሪ «ቅጥልጥል ስለሌላት ከ1910ዎቹ በፊት የተሠራች ናት» ብሎ ሊሳሳት ይችላል። እዚህ ላይ የቅጥልጥሉ አለመኖር የሚያመለክተው የዕቃውን መጠንና ዋጋ እንጂ የተሠራበትን ዘመን አይደለም።

ሁለተኛ፣ የወንድ አሻንጉሊት ብዙ ጊዜ ጥምጥም አድርጎ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ረጅም ሸሚዝ ለብሶ ይታያል። ጥምጥሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሴሚኖል ወንዶች የታወቀ ልብስ ነበር፤ በዕለት ተዕለት አለባበስ ከቀረ በኋላም ግን አሻንጉሊቱ ላይ ቀጥሏል። ስለዚህ አሻንጉሊቱ የተሠራበት ጊዜና የሚያሳየው ጊዜ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ይህ የማስረጃውን ዋጋ ዝቅ አያደርገውም፤ ጥያቄውን ይለውጠዋል እንጂ። «በዚያ ዓመት ወንዶች ምን ይለብሱ ነበር?» የሚለው ቀርቶ «በዚያ ዓመት ሠሪዋ አባቶቿን እንዴት ታስታውሳቸው ነበር?» የሚል ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የሴት አሻንጉሊት ከወንዱ እጅግ ስለምትበዛ፣ በአሻንጉሊቶች ብቻ የተጻፈ የልብስ ታሪክ የሴቶች ታሪክ ብቻ ይሆናል፤ ያውም የክት ልብስ ታሪክ። የሥራ ልብስ፣ ያረጀና የተጣፈ ልብስ በዚህ ማስረጃ ውስጥ ቦታ የለውም።

ከእነዚህ የሚወጣው መደምደሚያ አሻንጉሊቷን መተው አይደለም። ስለ አሠራር፣ ስለ ቀለም ምርጫ፣ ስለ ጨርቅ ዓይነትና ስለ ልብሱ ክፍሎች አደራረብ የምትሰጠው ምስክርነት ጠንካራ ነው፤ ስለ ዘመንና ስለ ስርጭት የምትሰጠው ግን ከፎቶግራፍ፣ ከተጠበቁ ልብሶችና ከሠሪ ቤተሰቦች ቃል ጋር ካልተመሳከረ ደካማ ነው። አንድ ሰነድ በአንዱ ጉዳይ ታማኝ በሌላው አጠራጣሪ መሆኑ ለታሪክ ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። ለተጻፈ ሰነድ የምናደርገውን ምርመራ ለተሰፋው መንፈግ ግን ወገናዊነት ነው።

መዝገቡ ምን ይጨምር

ነገሩ የጥናት ዘዴ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፍሎሪዳ ሴሚኖል ነገድ በ1957፣ የሚኮሱኪ ነገድ ደግሞ በ1962 በፌዴራል መንግሥት እውቅና አግኝተዋል። የሴሚኖል ነገድ በቢግ ሳይፕረስ ይዞታው ውስጥ አህ-ታህ-ቲ-ኪ የተባለ ቤተ መዘክር ከ1997 ጀምሮ አለው። ሕዝቡ የራሱን ታሪክ በራሱ የሚያደራጅ ነው ማለት ነው። አሻንጉሊቶችን የሚሠሩ እጆችም አልጠፉም።

በ1990 የወጣው የመቃብርና የቅዱሳት ዕቃዎች አመላለስ ሕግ የሰው አፅምን፣ ከሙታን ጋር የተቀበሩ ዕቃዎችን፣ ቅዱሳት ዕቃዎችንና የሕዝቡን የጋራ ቅርስ ይመለከታል። በገበያ በፈቃድ የተሸጠች አሻንጉሊት ከዚህ ውስጥ አትገባም። ስለዚህ በአብዛኛው ጥያቄው የመመለስ ጥያቄ አይደለም፤ የዕውቀትና የስም ጥያቄ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላው ሕግ ነባር ያልሆነ ሰው የሠራውን ዕቃ የነባር ሕዝብ ሥራ ነው ብሎ መሸጥን ይከለክላል። ሕጉ ዛሬ በመደብር ላለው ዕቃ የሠሪው ማንነት ትርጉም እንዳለው ከተቀበለ፣ ቤተ መዘክሩ ትናንት ለተገዛው ዕቃ ይህንኑ ችላ የሚልበት ምክንያት አይታይም።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት እያንዳንዱ መዝገብ ቢያንስ አራት ነገሮችን ሊጨምር ይገባል። ልብሱ በየክፍሉ ይገለጽ፤ ካባ፣ ቀሚስ፣ ጥለት፣ ጨሌና ጸጉር ለየብቻ። አሠራሩ ይመዝገብ፤ የእጅ ስፌት ወይስ የመኪና፣ ቅጥልጥል ወይስ ጥብጣብ። የተገዛበት ስፍራና ሁኔታ እስከ ታወቀ ድረስ ይጻፍ፤ በማያሚ መናፈሻ የተሸጠ ዕቃና በመንገድ ዳር ሰፈር የተሸጠ ዕቃ አንድ አይደሉም። በመጨረሻም ለሠሪዋ ስም ባዶ ቦታ ይተው፤ ከነገዱ ባለሙያዎችና ከቤተሰቦች ጋር በመመካከርና በፈቃዳቸው ይሞላ። በቤተሰብ ውስጥ የሚተላለፍ የቀለም ምርጫና የስፌት ልማድ ከውጭ ተመራማሪ ዐይን ይልቅ ለልጅና ለልጅ ልጅ ዐይን ቶሎ ይታወቃልና።

ይህ ሥራ ጊዜና ገንዘብ እንደሚጠይቅ አይካድም። ብዙ ቤተ መዘክሮች ከሺሕ የሚቆጠር ዕቃ በጥቂት ሠራተኛ ይይዛሉ። ነገር ግን ቅድሚያው ለዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ለምስክሮቹ ዕድሜም ሊሰጥ ይገባል። ጨርቁ በጥሩ ሁኔታ ከተቀመጠ ገና ብዙ ዐሥርተ ዓመታት ይቆያል። የእናቶቻቸውን እጅ ከጥለቱ የሚለዩት አረጋውያን ግን ያን ያህል አይቆዩም። እነርሱ ካለፉ በኋላ የሚጻፍ መዝገብ የቃጫውን ዓይነትና የስፌቱን ቍጥር በትክክል ሊያሰፍር ይችላል፤ የሠሪዋን ስም ግን ማንም አይነግረውም።

በቁሳዊ ባህል ላይ የምንሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከመዝገብ ነው፤ መዝገቡ ዝም ያለበትን ደግሞ እንደሌለ ቆጥረን እናልፋለን። የሴሚኖል አሻንጉሊቶች ጉዳይ የሚያስተምረው መዝገቡ ራሱ የአንድ ዘመን አመለካከት ውጤት መሆኑን ነው። ገዢው የተመዘገበበት፣ ሠሪዋ ያልተመዘገበችበት ሰነድ ስለ ዕቃው የሚናገረውን ያህል ስለ መዝጋቢውም ይናገራል። ስለዚህ «ለጎብኚ ሽያጭ የተሠራ» የሚለው መግለጫ በመዝገቡ ላይ ይቆይ፤ እውነት ነውና። ነገር ግን የገለጻው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይሁን። ከእርሱ ቀጥሎ ማን ሠራችው፣ በምን ሠራችው፣ ምንስ አለበሰቻት የሚሉት ጥያቄዎች ይምጡ።